የቆሎ ካርታ

ከመሐል ሜዳ ወዲያ፣ ከጓሳው ሥር ባለው ትምህርት ቤት፣
ነፋስ ቆርቆሮውን እንደ ከበሮ በሚመታበት፣
አምስተኛ «ለ»ን ሳስተምር ይኸው ሦስተኛ ዓመቴ፤
ጠመኔ ሆነ ጣቴ፣ ጠመኔ ሆነ ኮቴ።

ታኅሣሥ ላይ፣ ማክሰኞ፣ ውርጭ ሣሩን አንጥቶት ሲያድር፣
መምህርት ማንያህልሻል መጣች ከጉድኝት ማእከል፣ በእግር፤
ጣሪያው ከሚያፈስበት ጥግ፣ ዴስክ ስባ ተቀመጠች፣
ጋቢዋን አጣፍታ፣ «ቀጥል፤ እኔ የለሁም» አለች።

ከሷ በፊት የመጡትን አውቃለሁ፤ ቅጽ ይዘው፣ በር ላይ ቆመው፣
«ዕቅድ አለ?» «አለ።» «መርጃ መሣሪያ?» «አለ።» ራይት አድርገው፣
ሻይ ሳይፈላ ይመለሳሉ በመጡበት መንገድ።
እናም አልፈራኋትም፤ እውነቱን ለመናገር፣ ናቅኋት በሆድ።

ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ ሰሌዳውን ሞላሁ ከዳር እስከ ዳር፤
ስጠይቅ ከፊት እጅ ይወጣል፣ «ቲቸር! ቲቸር!» ይኼ አይደል ማስተማር?
«ጎበዝ! አጨብጭቡለት!» ክፍሉ በጭብጨባ ሲሞላ፣
እሷ ብዕር አልያዘችም፤
የገብስ ቆሎ ከኪሷ አውጥታ፣ ከደብተሯ ኋላ፣
ዴስኩ ላይ አንድ ፍሬ፣ ሌላ ፍሬ፣ ደግሞ ሌላ።
(ይቺ ልትገመግም ነው የመጣችው፣ ወይስ ልትቆረጥም?)

የቸርኬው ደወል ተመታ፤ ልጆቹ ተንጋግተው ወጡ።
«ና፣ ክፍልህን እይ» አለች።
አየሁ፤ ቆሎዎቹ፣ ልክ ልጆቹ እንደሚቀመጡ።
ከፊት፣ በመስኮቱ በኩል፣ ክምር፤ መሐል ሦስት ፍሬ፤
ከዚያ ወዲያ ባዶ እንጨት፣ ምላጭ የቀረጸው ስም፣ የቀለም ጠባሳ።
«አንድ ፍሬ፣ አንድ ጥያቄህ» አለች፣ ሳትጨምር ሌላ ወሬ።

«እነዚያ እጅ አያወጡም» አልኳት።
«ስንት ቆይተህ ጠበቅሃቸው?»
እ...
«አየህ፣ አሁን እኔ እየጠበቅሁህ ነው።»

«አሥራ ስምንት ዓመት» አለች «እኔም ለፊት ወንበር አስተማርኩ፤
ከኋላ ተቀምጦ ያየልኝ ሰው ስላልነበር፣ ዘግይቼ አፈርኩ።»
ከዚያ ቆሎውን አፈሰች፤ እፍኟን ለሁለት ከፈለችው፤
ማስረጃውን ቆረጠምነው። ለወረዳ አንድ ፊደል አልጻፈችም
ስለዚያ ቀን፣ እስከማውቀው።
እስከ ድንጋይ ካቡ ሸኘኋት፤ «አንተም» አለች «መጥተህ እየኝ፤
የማላየው ጥግ ለእኔም አለኝ።»

በሳምንቱ ክፍልፋይ ነበር። ብርቱካን ሥዬ፣ ቆራርጬ፣
(ብርቱካን! በዚህ ብርድ አገር!) ከመጽሐፉ ገልብጬ፣
«ከሲሶና ከእርቦ» አልኩ «የቱ ይበልጣል?»
«እርቦ!» ከፊት ወንበር፤ «አራት ከሦስት ይልቃል!»
መልሱ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ጥርሴን ነከስኩ፤
ጠበቅሁ። ቆርቆሮው አንዴ ጮኸ። ሁለቴ። ታገስኩ።
ዝምታ ኩንታል እህል መሆኑን፣ ትከሻ ማጉበጡን፣
ያን ቀን አወቅሁ፤ በዚያ ብርድ ላቤ መምጣቱን።

አስናቁ፣ ከጥጉ፣ ከመስከረም ወዲህ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ፣
ከፎጣዋ ውስጥ አፏን አውጥታ፣ ዴስኩን እያየች፦
«ሲሶ ነው ቲቸር።
አምና አባቴ የሰው መሬት ሲያርስ ሲሶ ነበር ድርሻው፤
ዘንድሮ በእርቦ አሉት፤
ጎታችን አልሞላም፣ እናቴ ስትለካው።»

ብርቱካኑ አፈረ።
ማንያህልሻል «ጎበዝ» አላለችኝም፣ ራሷንም አልነቀነቀች፤
አንዲት ፍሬ ብቻ፣ ባዶው እንጨት ላይ፣ ቁጭ አደረገች።

አሁን እሷ የለችም፤ ጉድኝቱ ስድስት ትምህርት ቤት፣ እሷ ሁለት እግር።
ጠዋት በቀኝ ኪሴ አርባ ስድስት ፍሬ አለ፣ በልጆቹ ቁጥር፤
ስም በጠራሁ ጊዜ አንዷ ወደ ግራ ትሻገራለች፤
«ቲቸር ቁርሱን አይበላም» ብላ
አስናቁ ለጓደኛዋ አንሾካሾከች።

ማታ ኪሴን ዳበስኩ።
ዛሬ አሥራ አንድ ቀሩ።
አልቆረጠምኳቸውም።